ሲሚንቶው ወደ ፎቅ ሲወጣ

(ባለፈው እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ ተጽፎ የተለጠፈ)



እንደሚታወቀው የዕድራችን ዕቃ ቤት ፎቅ ሊጨመርለት ስለሆነ፣ በመጪው ቅዳሜ ሲሚንቶና አሸዋ ወደ ላይ ማውጣት እንጀምራለን። የሚያወጡት የራሳችን ልጆች ናቸው። ጉልበት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ እኔ የምናገረው ስለ ክብደቱ ነው።

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። መሬት ይህን ከረጢት ወደ ታች የምትስብበት ኃይል በሳይንስ መለኪያ 490 ኒውተን ያህል ይሆናል። በአየር ላይ ይዞ ለማቆየት ያንኑ ያህል ወደ ላይ መሳብ ግድ ነው። ከቆመበት ለማስነሣት ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል፤ አንዴ በእኩል ፍጥነት መውጣት ከጀመረ ግን ያው 490 ይበቃዋል። «እንግዲያው መንጭቆ ማንሣት ነዋ!» የሚሉ አሉ። አይሆንም። በመነጨቅን ቁጥር ገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገመዱን ከላይ በተሰቀለ መዘውር አሳልፈን ከታች እንስባለን ተብሏል። ደግ ነው፤ ወደ ታች ሲስቡ የገዛ ሰውነት ክብደት ያግዛል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መዘውር አቅጣጫውን ይለውጥልናል እንጂ ኃይሉን አይቀንስልንም። መዘውሩ የተንጠለጠለበት አጣናስ ምን ያህል ይሸከማል? በአንድ ወገን 50 ኪሎ ከረጢት ይጎትተዋል፤ በሌላው ወገን እኛ በዚያው ልክ እንጎትተዋለን። ድምሩ 100 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል መሆኑ ነው! ሁለት ከረጢት አንድ ላይ ከታሰረ ደግሞ ሁለት ኩንታል። ይኸን ሳያስብ አጣና የሚያስር ሰው ብዙ ነው።

የባሰው ገመድ ያመለጠ እንደሆነ ነው። ከረጢቱ አንድ ሜትር ወድቆ ገመዱ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ ቢያደርገው፣ በአማካይ የክብደቱ 11 እጥፍ፣ ማለትም 550 ኪሎ ያህል ያርፍበታል። ፀሐይ የበላው አሮጌ ገመድ ይህን ይችላል? የሚያመልጥ ገመድ በባዶ እጅ ለመያዝ መሞከርማ መዳፍን ማስላጥ ነው።

እኔ የምለው፣ ሌላ መዘውር በከረጢቱ ላይ ይጨመር፤ የገመዱ ጫፍም ከላይ አጣናው ላይ ይቋጠር። ያን ጊዜ የምንስበው በግማሽ ቀንሶ 25 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ አጣናውም ከ100 ወደ 75 ይቀልለታል። የመዘውሩ ሰበቃ ጥቂት ይጨምርበታል፣ እሱን ተዉት። ግን በነፃ አይደለም፤ ከረጢቱ 1 ሜትር እንዲወጣ 2 ሜትር ገመድ መሳብ አለብን። ሥራው ይዘገያል። ይዘግይ!

አሸዋ ለምታነሡም አንድ ቃል። የወገብ ጡንቻ ከአከርካሪው መገጣጠሚያ የሚርቀው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 20 ኪሎ ባልዲ 40 ሳንቲ ሜትር አርቆ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣ ሰው ጡንቻው 8 እጥፍ፣ 160 ኪሎ ያህል ይስባል፤ የራሱ የደረቱና የጭንቅላቱ ክብደት ሳይቆጠር። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ባልዲውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ።

ቅዳሜ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አናጢው አጣናውንና ገመዱን አንድ በአንድ ያያል። ጭነት በሚወጣበት ሥር ማንም አይቁም፤ ሕፃናትም በዚያ በኩል አይለፉ። ጠንካራ ገመድ ወይም ትርፍ መዘውር ያላችሁ እስከ ዐርብ ማታ ለዕድሩ ዕቃ ጠባቂ አስረክቡልን።