ልጅ መኪና ነድቶ ሰው ቢጎዳ ካሣው በማን ላይ ነው?

(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ለሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ከመካከላችን የራሱ መኪና ያለው ጥቂት ነው። የአባቱን ወይም የአጎቱን መኪና ለመንዳት የሚመኘው ግን ብዙ ነው። በእግሩ መንገድ የሚሻገረው ደግሞ ሁላችንም ነን። እንግዲህ ነገሩ በሁለት ወገን ይነካናል፤ አንድም ገጪ፥ አንድም ተገጪ ሆነን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፥ በ2021 እ.ኤ.አ. በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል መሆኑን ገልጿል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉት ምክንያቶች ሁሉ አንደኛው ይኸው ነው። ከሟቾቹም ከግማሽ የሚበልጡት በመኪና ውስጥ የተቀመጡ ሳይሆኑ እግረኞች፥ የብስክሌትና የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው።

ወጣት ዐይኑ የጠራ፥ እጁም የፈጠነ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ከጎልማሳው ይልቅ ይጋጫል? ቢሉ፥ መሪ ማዞር በጥቂት ሳምንት ይለመዳል፤ አደጋን ከሩቅ ማየት ግን በብዙ ጊዜ የሚገኝ ዕውቀት ነው። ከዚህም ጋራ ፍጥነት አለ፤ የሌሊት ጉዞ አለ፤ መጠጥ አለ። ይልቁንም ከኋላ ተቀምጠው «ቅደመው! ቅደመው!» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ መሆኑን የፊዚክስ መምህራኖቻችን አስተምረውናል። ትምህርቱን በፈተና ወረቀት ላይ እንጽፈዋለን፤ በመንገድ ላይ ግን እንረሳዋለን።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናድርግ። ዕድሜው አሥራ ሰባት ዓመት የሆነ፥ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ፥ አባቱ ተኝቶ ሳለ ቁልፉን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ መኪናውን አወጣ እንበል። በመንገድ ዳር በጉሊት ሽንኩርት የምትቸረችር እናት ላይ ወጥቶም እግሯን ሰበረ። ካሣውን የሚከፍል ማን ነው? ልጁ ገንዘብ የለውም። አባት ደግሞ «እኔ አልነዳሁም፤ ንዳም አላልሁትም» ይላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መልስ አለው። በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ እንዲክስ ያዛል። ቁጥር 2030 እንደሚለውም ጥፋት መኖሩ ሲመረመር፥ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር፥ የአድራጊው ዕድሜ አይታይም። ስለዚህ ልጁ ራሱ ባለዕዳ ነው። በቁጥር 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ዕዳ ውስጥ ሲገባ አባቱ ኀላፊ ይሆናል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል የሰማን ሁሉ፥ በዚህ ቦታ የልጅ ዕዳ ለአባት መሆኑን እንወቅ።

ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ቢሆንስ? ያን ጊዜም አባት የመኪናው ባለቤት ከሆነ አያመልጥም። በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፥ መኪናው እንዲነዳ ባልተፈቀደለት ሰው እጅ ሳለ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። የሚድነው መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው። ቁልፉን በጠረጴዛ ላይ ትቶ የተኛ አባት፥ ልጁ ለሽርሽር የወሰደውን መኪና «ተሰረቅሁ» ብሎ ዳኛ ፊት ቢቆም፥ በእኔ አስተያየት የሚያዋጣው ክርክር አይመስለኝም። «ጥፋት የለብኝም» ማለትም አያድነውም፤ ቁጥር 2086 ይህን መከላከያ ዘግቶታል። ጉዳቱ በተጎጂዋ ጥፋት የመጣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ያላጠፋ ሰው መክፈሉ ፍትሕ ነውን?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላውን ጥያቄ አጠገቡ እናቁመው፤ ያላጠፋችው ቸርቻሪ እግሯን አጥታ፥ ልጆቿም ተርበው መቅረታቸው ፍትሕ ነውን? ከሁለት ንጹሓን አንዱ መሸከም ካለበት፥ በመኪናው የሚጠቀመው፥ ቁልፉንም መቆለፍ የሚችለው ይሸከም ማለት ከእውነት የራቀ ፍርድ አይደለም። መኪና አደገኛ ዕቃ መሆኑን እያወቀ ያቆመው ባለቤቱ ነው፤ እርሷ ያቆመችው የሽንኩርት መደቧን ብቻ ነው።

የካሣው ልክም መታወቅ አለበት። ካሣ የሐኪም ወጪ ብቻ አይደለም። ከጉዳቱ ጋራ የተካከለ መሆን አለበት፤ ወደ ፊት እንደሚደርስ የተረጋገጠው ጉዳትም፥ ማለት ሴትዮዋ ቆማ ባለመሥራቷ የምታጣው ገቢ፥ በቁጥር 2092 መሠረት ይታሰባል። ተጎጂው የሞተ እንደ ሆነ ባል ወይም ሚስት፥ ወላጆችና ልጆች ስለ መተዳደሪያቸው ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። ነገር ግን ለኅሊና ጉዳት በቁጥር 2116 የተወሰነው ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ነው። ይህ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ልክ ነው። የዚያ ዘመን ሺህ ብርና የዛሬው ሺህ ብር አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ሕግ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው።

በወንጀል በኩልም ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ይቀጣል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን ከገደለ፥ ወይም ግልጽ የሆነውን ደንብ ሆን ብሎ ተላልፎ፥ ወይም በመጠጥ አእምሮውን ስቶ ከሆነ፥ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ወንጀለኛ አይደለህም ተብሎ የተለቀቀም ቢሆን ከካሣ ነፃ ወጣሁ አይበል፤ የፍትሐ ብሔር ዳኛ በዚያ ፍርድ እንደማይገደድ ቁጥር 2149 ይናገራል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነገር ደርሻለሁ። በአገራችን አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ ይላካል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ቂምን ያበርዳል፤ ደም መመላለስንም አስቀርቷል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተጎጂው ገና በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሳለ፥ እግሩ ይድን ወይም ይቈረጥ ሳይታወቅ፥ ጥቂት ብር ይሰጠውና «ከእንግዲህ አልጠይቅም» በሚል ወረቀት ላይ ጣቱን ያትማል። በሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት የግልግል ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። ያች አንዲት የጣት አሻራ የዕድሜ ልክ ካሣን ልታስቀር ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ ዕርቁ ይሁን፤ ነገር ግን ሐኪሙ የጉዳቱን ልክ ከተናገረና ተጎጂው መብቱን ካወቀ በኋላ ይሁን።

ደግሞም ጊዜ ያልፋል። የካሣ ክስ ይርጋ በቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ነው፤ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን በዚያ ይቈጠራል። «ዛሬ ነገ» ሲባል ሁለት ዓመት እንዴት ፈጥኖ እንደሚያልቅ እኛ ተማሪዎች እናውቃለን። ከ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ወዲህ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን የመኪና ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል። በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቶ ሥርዐቱ ቀጥሏል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው ከመድን ፈንድ ካሣ የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል። ይህን የማያውቅ ተጎጂ ግን እንደሌለ ይቈጥረዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መኪና ያላችሁ ወላጆችና መምህራን፥ ቁልፋችሁን እንደ ጠመንጃ ጠብቁት። የምትነዱ ጓደኞቼ፥ ፈቃድ ሳይኖራችሁ መሪ አትያዙ፤ ጠጥታችሁም አትንዱ። ከኋላ የምትቀመጡት ደግሞ «ቅደመው» ከማለት «በሕግ አምላክ፥ ቀስ በል» ማለትን ልመዱ። የሕግ ተማሪዎች ከሆናችሁም፥ በሠፈራችሁ አንድ ሰው ሲጎዳ፥ ጣቱን በወረቀት ላይ ከማተሙ በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ ወረቀቱን አንብቡለት። የተማርነውን ሕግ ከመጽሐፍ አውጥተን ለሰው የምናደርሰው በዚህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ከአደጋው በፊት እንንቃ፤ አደጋው ከደረሰ ግን የተጎዳውን ብቻውን አንተወው።