«አይሆንልኝም» የሚለውን አጥር ማፍረስ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሐዋሳ ከተማ የቀረበ ንግግር)





በምሥረታ በዓል ላይ ስንት ኩንታል እንደተሸጠ፣ ስንት ብር የትርፍ ክፍፍል እንደተከፈለ፣ ስንት መጋዘን እንደተሠራ መናገር የተለመደ ነው። ተገቢም ነው። ሆኖም በሪፖርት ውስጥ የማይገባ አንድ ጉዳይ አለ። እርሱም አርሶ አደሩ ወደ ማሳው ከመውረዱ በፊት በልቡ የሚወስነው ውሳኔ ነው። «የአርባ ቀን ዕድሌ ይኸው ነው»፣ «ይህ ለሀብታም እንጂ ለእኔ ቢጤ አይሆንም»፣ «አባቴ ያልሠራውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ» የሚሉ ቃላት በየመንደሩ ይሰማሉ። እነዚህ ቃላት ሚዛን ላይ አይወጡም፤ ነገር ግን ከማሳው የሚገኘውን ምርት ይቀንሳሉ።

የዛሬው ንግግር በዚህ ላይ ያተኩራል። አርሶ አደሩን ለመውቀስ አይደለም። «አይሆንም» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣና እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጥረት እንዴት ሊፈትነው እንደሚችል ለመመልከት ነው።

ሐሳቡ ከየት ይመጣል?

ብዙውን ጊዜ «አይሆንም» የሚል ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አንድ እውነት አይቷል። ችግሩ ከዚያ እውነት ጋር እውነት ያልሆነ ሌላ ሐሳብ ተጣብቆ መምጣቱ ነው።

ለዚህ የኅብረት ሥራ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። በደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲቋቋሙ ብዙ ገበሬ መሬቱንና በሬውን ያለ ፍላጎቱ ከሌላው ጋር እንዲያቀላቅል ተገዷል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ ማኅበራት በራሳቸው በአባላቱ ፈረሱ። «በማኅበር ስም ንብረት ተወስዷል» የሚለው እውነት ነው። «ስለዚህ ማኅበር ሁሉ መወሰጃ ነው» የሚለው ግን ሌላ ሐሳብ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 አባልነትን በፈቃደኝነት ላይ አቆመ። ይህን አዋጅ የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985ም ይህንኑ መርህ ይዟል። የአንድ አባል ድምፅ አንድ ነው፤ አባሉ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል። እውነቱን ከተጣበቀበት ሐሳብ ለይተው ያዩ ሰዎች ናቸው ማኅበራቱን እንደገና ያቋቋሙት።

የሲዳማ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ያ ወቅት የዓለም የቡና ዋጋ ክፉኛ የወደቀበት፣ በየቦታው ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ የነበረበት ጊዜ ነው። ገበሬ በማኅበሩ አማካይነት ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ ይሸጣል ማለት በዚያ ሰዓት ለብዙዎች የማይታመን ነበር። ዛሬ ግን ማንንም አያስደንቅም። ትናንት «አይሆንም» የተባለ ነገር ዛሬ የዘወትር ሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ከዶባ ወረዳ የተገኘ ትምህርት

ይህ ጉዳይ በአገራችን በጥናትም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2010 ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም የተባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ በ64 መንደሮች ጥናት አካሄዱ። ለአንዳንድ አባወራዎችና እማወራዎች እንደ እነርሱ ካለ ገጠር ወጥተው በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞች ታዩላቸው። ለሌሎቹ ተራ የቴሌቪዥን መዝናኛ ታየላቸው። የቀሩት ምንም አላዩም።

ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹን ታሪክ ያዩት ለራሳቸውና ለልጆቻቸው የሚመኙት ከፍ ብሎ ተገኘ። ቁጠባቸው ጨመረ፤ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት መላክም እንዲሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁም በግብርና ግብዓትና በልጆች ትምህርት ላይ ከሌሎቹ የበለጠ የሚያውሉ ሆነው ተገኙ። ለውጡ ተአምር አይደለም፤ በመጠኑ ትንሽ ነበር። ነገር ግን ገንዘብም ማዳበሪያም አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው «እንደ እኔ ያለ ሰው ችሎታል» የሚል ማስረጃ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ማስረጃ በሲዳማም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጡት የሲዳማው አርሶ አደር ንጉሤ ገመዳ ናቸው። ቡናቸው በጨረታ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚያንሰው፣ በ185.10 ዶላር ተሸጧል። ይህ ለውድድር የተለየ ጥቂት ቡና ዋጋ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ማንም በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ ብሎ ማቀድ የለበትም። ነገር ግን «ቡና ያው ቡና ነው፣ ማን ለይቶ ያየዋል» የሚለውን ሐሳብ ያፈርሳል። ቀዩን ፍሬ ለይቶ የለቀመና በአልጋ ላይ በጥንቃቄ ያደረቀ ሰው ድካም ይታያል፤ ይለካልም።

ሁለት ምሳሌ ከማሳ

አንደኛው የቡና ጉንደላ ነው። ያረጀ ቡና ምርቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም መጋዙን ሲያነሣ የብዙ ሰው እጅ ይያዛል። «አያቴ የተከለውን ቆርጬ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?» ይላል። የተጎነደለ ቡና ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ እንደማይሰጥ እውነት ነው። «ስለዚህ መጎንደል አልችልም» የሚለው ግን አይከተልም። 400 እግር ያረጀ ቡና ያለው ሰው በየዓመቱ 100 ብቻ ቢጎነድል በመጀመሪያው ዓመት 300ው ፍሬ መስጠቱን ይቀጥላል። ለቀማው ካለቀ በኋላ በደረቁ ወራት ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይቆምበት አግድም ዘንበል አድርጎ መቁረጥ ነው። ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቅርንጫፍ ማስቀረት፣ በተገለጠው መሬት ላይ ደግሞ ቦሎቄ መዝራት ይቻላል። አራተኛው መቶ ሲቆረጥ የመጀመሪያው መቶ ማፍራት ይጀምራል።

ሁለተኛው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የበሽታውን ምንነት በጽሑፍ ካስታወቁ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1968 ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። የታመመውን እንሰት የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን «መድኃኒት የለውም» ከማለት «እርግማን ነው፣ ምንም አይደረግም» ወደ ማለት መሻገር ጓሮን ባዶ ያስቀራል። በሽታው ከሚዛመትባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ቢላዋ ነው። የታመመ የነካ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ከመሄዱ በፊት በእሳት ቢለበለብ ወይም በበረኪና ቢታጠብ፣ የታመመው ተነቅሎ ቢቀበር፣ ከብት ወደ ተበከለው ጓሮ ባይገባ የቀረው ይተርፋል። ጎረቤት ካልተባበረ ግን የአንዱ ጥረት ብቻውን አይበቃም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

ሁሉም ችግር የአመለካከት ነውን?

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፤ እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት አለ። አርሶ አደሩ አዲስ ነገር አልቀበልም ሲል «የአመለካከት ችግር አለበት» ማለት ለባለሙያም ለኃላፊም ቀላል ነው። ነገር ግን በሲዳማ የብዙው አባወራ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ማዳበሪያ ሲወደድ፣ ዘር ዘግይቶ ሲደርስ፣ ዝናብ ሲያጥር «አልገባበትም» የሚል ሰው ስሌት ሠርቶ ሊሆን ይችላል። የልብ አጥር አለ፤ የመንገድ፣ የብድርና የዋጋ አጥርም አለ። የመጀመሪያውን አርሶ አደሩ ራሱ ሊያፈርስ ይችላል። ሁለተኛውን ለማፍረስ ማኅበሩና መንግሥት ያስፈልጋሉ። ሁለቱን ማደባለቅ አርሶ አደሩን ያለ ጥፋቱ ማስወቀስ ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ሲል መጀመሪያ «ለምን?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ይደመጥ።

በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። «ሴት ምን ማኅበር ታውቃለች» የሚለው ሐሳብ ለቀማውን፣ ለቅሞ ማድረቁንና ቆጮ ማዘጋጀቱን የምትሠራውን ሰው ከስብሰባ ያስቀራል። የኅብረት ሥራ አዋጁ ሴትና ወንድን በአባልነት አይለይም። የለየው ልማድ ነው።

እያንዳንዱ ሰው ምን ያድርግ?

1. ሐሳቡን በቃል ይያዘው። «አይሆንልኝም» ሲል ምኑ እንደማይሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ያልተነገረ ፍርሃት አይፈተሽም።

2. ለሁለት ይክፈለው። የትኛው ያየው እውነት ነው? የትኛው «ስለዚህ» ብሎ የጨመረው ነው? ለሁለተኛው ማስረጃው ምንድን ነው?

3. በትንሹ ይሞክር። ቢከሽፍ ቤተሰብ በማይራብበት መጠን፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ መሬት ወይም በአሥር እግር ቡና ይጀምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

4. ይመዝግብ። ያወጣውንና ያገኘውን በደብተር ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ። ትዝታ የከሸፈውን ያጎላል፤ ደብተር ግን ሁለቱንም እኩል ይናገራል።

5. ለሌላው ይናገር። የተሳካውንም ያልተሳካውንም በመሠረታዊ ማኅበሩ ስብሰባ ያቅርብ። የዶባ ሰዎችን ያነሣሣቸው እንደ እነርሱ ያለ ሰው ታሪክ እንደነበረ ማስታወስ ይበቃል።

ሙከራው ካልሠራስ? ያም ዕውቀት ነው። በአሥር እግር ቡና የከሸፈ ሰው ማሳው ከሽፎበት አያውቅም፤ አንድ መንገድ እንደማይሠራ ግን በራሱ ዓይን አይቷል። የልብ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ እየበረታ እንቅልፍና የሥራ ፍላጎት ለሳምንታት የነሣው ሰው ደግሞ ብቻውን እንዲታገል አይተው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህ ሕመም እንጂ ስንፍና አይደለም።

ውድ አባላት፤ መጪው የለቀማ ወቅት ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በአንድ ስብሰባው ላይ «ዘንድሮ አይሆንም ብለን የነበረውና የሞከርነው» የሚል አንድ አጀንዳ ቢይዝ ወጪ የለውም። ከየመንደሩ አንድ ሰው ቢናገር በሚቀጥለው ዓመት የሚሞክሩት ብዙ ይሆናሉ።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን!