ስለ ሕፃናት የሊጥና የጭቃ ጨዋታ

የሕፃን እጅ ሳይፍታታ ብርዕ ቢያስጨብጡት ፊደሉ ይንቀጠቀጥበታል። ማድቦልቦልን፥ ማርዘምን፥ መቆንጠጥን አስቀድሞ የለመደ ጣት ግን ሲጽፍ ቶሎ አይደክምም። ለዚህ ልምምድ የሚሆን ሊጥ በቤት ይሠራል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። 2 ስኒ የስንዴ ዱቄትና 1 ስኒ ደቃቅ ጨው በገበቴ ተቀላቅሎ፥ 1 ስኒ ያህል ውሃ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰበት፥ በእጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ይታሻል። አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ያለሰልሰዋል፤ እርድ ቢጨመርበት ቢጫ ይሆናል። ጨው መብዛቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሊጥ የዋጠ ሕፃን ይታመማልና፥ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያደርስ ታናሽ ልጅ ብቻውን አይተውበት።

እናቶች «እህል መጫወቻ ይሆናልን?» ቢሉ እውነት አላቸው። በነሐሴ፥ ጎተራ በሚጎድልበት ወር፥ ከየቤቱ ዱቄት የሚያስመጣ መምህር ይሳሳታል። በአሜሪካም ሲንሲናቲ በምትባል ከተማ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ለልጆች መሸጥ የጀመረው ሊጥ አስቀድሞ የግድግዳ ወረቀት ማጽጃ ነበር፤ በእጅ የተገኘውን ለልጅ አዋሉት።

ለጎንደር ልጅ ቅርቡ ጭቃ ነው። ከአራዳ ወጥቶ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎሜትር የሄደ ሰው ወለቃን ያገኛል። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች፥ ከምጣድና ከእንስራ ሌላ፥ ትንንሽ የአንበሳና የሰው ምስል እየቀረጹ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ጥበቡን ግን ሌሎች ሴቶች ተምረውታል።

እነዚያ ባለ ጥበቦች ስለ ሥራቸው ቡዳ ተባሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲተው ዐዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ ከሰው አፍ አልጠፋም። ልጁ የጭቃ በሬ ሠርቶ ሲያመጣለት «ሸክላ ሠሪ ልትሆን ነውን?» ብሎ የሚቆጣ አባት ዛሬም አለ። ልጁም በሬውን ጥሎ እጁን ይታጠባል፤ የጎረቤቱንም ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዓይን ያያታል።

ስለዚህ መምህሩ የሸክላ ዐፈር አስመጥቶ ጠጠሩን ያስለቅም፤ በውሃ አርሶ ያሳድረው። የተወቀጠ ገል ጥቂት ቢደባለቅበት ሲደርቅ መሰንጠቁ ይቀንሳል። ልጆች የሠሩትም በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ይድረቅ። በመንደሩ ሸክላ ሠሪ ሴት ካለች መምህሩ እርሷን ጠርቶ በገዛ ወንበሩ ያስቀምጣት፤ ስትገባም ልጆቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይቀበሏት።