አዳራሻችን ለምን ይሁን?

(የማኅበራችን ጸሐፊ በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



አዳራሻችን ለመጋዘን ይከራይ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ወጣቶቹ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ የአገራችንን ፊልም እናሳይበት ይላሉ። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ስለ አንድ ፊልም ሠሪ ጥቂት ላውራችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው የቴአትር ደራሲ ነበሩ። ልጆቹ ግን ሲኒማ ቤት የሚያዩት የካውቦይ ፊልም ነበር። ከዚያ ወጥተው ተራራ ላይ ሲጫወቱ ልባቸው ከካውቦዩ ጋር እንጂ አገሩን ከተቀማው ሕንድ ጋር አልነበረም። ይህን ራሳቸው ተናግረውታል።

በ1967 አሜሪካ ሄደው ቺካጎ ቴአትር፣ ቀጥሎም ካሊፎርኒያ ሲኒማ ተማሩ። በ1974 አገር ቤት መጥተው ስለ ባላባትና ጭሰኛ የሚናገረውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹ። ተዋናዮቹ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ በ1976 ወጣ። ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለብዙ ዓመታት አስተማሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1993 ስለ ባሪያ ንግድ «ሳንኮፋ»ን ሠሩ። የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች አንወስድም አሏቸው። ታዲያ ምን አደረጉ? ፊልሙን ይዘው ቤት አልተቀመጡም። ሲኒማ ቤት በገዛ እጃቸው ተከራዩ፤ በየከተማው ያለው ጥቁር ሕዝብ ወሬውን እየተቀባበለ አዳራሹን ሞላው። በኋላም ከባለቤታቸው ጋር እዚያው ዋሽንግተን በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ።

«ጤዛ»ም ገንዘብ እስኪገኝለት ብዙ ዓመት ፈጀ። በ2008 ግን ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት አገኘ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ኪራዩ ገንዘብ ያመጣል፤ አልክድም። ጣሪያውም እያፈሰሰ ነው። ግን የሰው ልጅ ጀግና ብቻ እያዩ ያደጉ ልጆቻችን ነገ የራሳቸውን ታሪክ ማን ይነግርላቸዋል? ያ ሁሉ ሕዝብ ቲኬት ገዝቶ አንድ ፊልም ካቆመ፣ እኛ በወር አንድ ምሽት መስጠት ያቅተናል? ለጣሪያው ከየቤቱ እናዋጣ፤ መጀመሪያ እኔ እከፍላለሁ።

ውሳኔው የእናንተ ነው።