የእንሰት ጠላት በፊደል ሲነበብ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በከፋ ገበሬ ጓሮ የቆመ እንሰት የብዙ ዓመት ልፋት ውጤትና የቤተ ሰቡ ስንቅ ነው። ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። ዝናብ ቢዛባና የማሳው እህል ቢከዳ፣ በጓሮው ቆሞ የሚጠብቅ ቆጮና ቡላ እርሱ ነው። በኢትዮጵያ ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኑሮውን በእንሰት ላይ እንደ መሠረተ ይገመታል። ስለዚህ የመሐሉ ቅጠል አንድ ቀን ጠውልጎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ የታመመው አንድ ተክል ብቻ አይደለም፤ የቤቱ የመጪዎቹ ዓመታት ምግብ አደጋ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ተክሉ ሲቆረጥ ከቁስሉ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው፤ የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒትም የለውም።

የዚህ ንግግር ዓላማ የበሽታው አምጪ ጂኖም፣ ማለትም የዘር መመሪያው በሙሉ፣ እንዴት እንደ ተነበበና ንባቡ ለቦንጋ አካባቢ ገበሬ ምን ትርጉም እንዳለው ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው የጽሑፍ ታሪክ ከጂኖሙ ንባብ ይቀድማል። ካስቴላኒ የተባለው ጣሊያናዊ በ1939 ስለ እንሰት መበስበስ ጽፏል። አምጪው ባክቴርያ መሆኑን አረጋግጠው በ1968 ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም የሚል ስም የሰጡት ግን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው። እነዚሁ ሁለት ባለሙያዎች ባክቴርያው ሙዝንም እንደሚያጠቃ በ1974 ሲያስታውቁ፣ ሙዙ የታመመበት ስፍራ ያን ጊዜ ከዛሬው ዞን እጅግ ይሰፋ የነበረው ከፋ ነበር። ማስጠንቀቂያው በወቅቱ ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ2001 በሽታው በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ታየ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተዛመተ።

አሁን ወደ ንባቡ እንመለስ። የማንኛውም ባክቴርያ የዘር መመሪያ የተጻፈው ዲ.ኤን.ኤ. በተባለው ረጅም ክር ላይ፣ በአራት ኬሚካዊ ፊደላት ብቻ ነው። ፊደላቱ በሦስት በሦስት ሲነበቡ እያንዳንዱ ሦስትዮሽ አንድ የፕሮቲን ማነጽያ ያመለክታል፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ምልክትም አለ። በእነዚህ ሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ዓረፍተ ነገር የአንድ ፕሮቲን ጂን ነው።

ይህን ጽሕፈት የማንበብ ጥበብ የተጀመረው በትንንሾቹ ነው። በ1977 ሳንገርና ባልደረቦቹ ከአምስት ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ፊደላት ያሉትን የአንድ ቫይረስ ጂኖም አነበቡ። በ1984 ከሄርፒስ ቤተ ሰብ የሆነው የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ 172,282 ፊደላት ታተሙ፤ በ1988 ደግሞ አፍ ላይ ምች የሚያወጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ በ152,260 ፊደላት ተከተለ። በሄርፒስ ቫይረስ ላይ የታየው የጂን አቀማመጥ ለመሐንዲስ የሚያስደንቅ ነው። ጂኖቹ በሁለቱም ትይዩ ክሮች ላይ፣ ገሚሶቹ ወደ ቀኝ ገሚሶቹ ወደ ግራ እየተነበቡ፣ ባዶ ቦታ በቁጠባ ተይዞ ተደርድረዋል። በ1995 ተራው የባክቴርያ ሆነ፤ በመጀመሪያ የተነበበው 1.8 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ነበሩት።

አሠራሩ በምሳሌ ሲገለጥ እንዲህ ነው። የአንድ ሕንፃ ንድፍ ብዙ ቅጂዎች ተቀዳደው በአንድ ክምር ተደባልቀዋል እንበል። የአንዱ ቁራጭ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር የሚመሳሰልበትን እየፈለጉ ቢያገጣጥሙ ንድፉ ተመልሶ ይቆማል። ዲ.ኤን.ኤ.ውም ተቆራርጦ ይነበባል፤ መገጣጠሙ የኮምፒዩተር ሥራ ነው።

በዚህ መንገድ በ2010 ከኡጋንዳ የተወሰደው የአጠውልግ ባክቴርያ ጂኖም ረቂቅ ታተመ፤ ስፋቱ 4.8 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ነው። ከተገኙት ጂኖች መካከል ባክቴርያው በተክሉ ሴል ላይ እንደ መርፌ የሚሰካውን የፕሮቲን መሣሪያና በዚያ በኩል የሚያስገባቸውን የጥቃት ፕሮቲኖች የሚሠሩት ይገኙበታል።

ንባቡ የዘር ሐረጉንም አቃና። ባክቴርያው ከ1978 ጀምሮ የጎመን በሽታ ከሚያመጣው ዝርያ ሥር ተመድቦ ቆይቶ ነበር። የጂኖቹ ንጽጽር ግን ዘመዶቹ ማሽላን፣ በቆሎንና ሸንኮራ አገዳን የሚያጠቁት እንደ ሆኑ አሳየ፤ በ2020ም ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ከተባለው ዝርያ ጋር ተመደበ። ከዚያ በፊት በ2012 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ናሙናዎች ጂኖም ሲነጻጸር ሁሉም እጅግ ተመሳሳይ ሆነው በሁለት ንኡሳን የዘር መስመሮች ብቻ ተከፈሉ። የኢትዮጵያዎቹ ከሩዋንዳና ከኮንጎ ናሙናዎች ጋር በአንዱ፣ የኡጋንዳ፣ የኬንያ፣ የታንዛኒያና የቡሩንዲዎቹ በሌላው ተገኙ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ጠላቱ በወሰን ላይ ተበታትኖ ቢታይም በመሠረቱ አንድ ነው። እንሰት በአንጻሩ ብዙ ነው፤ በከፋና በአጎራባቾቹ ጓሮዎች እያንዳንዱ ዓይነት በስሙ፣ በጣዕሙና በጠባዩ ተለይቶ ይታወቃል። ለምሳሌ ያህል ማዚያ የተባለው ዓይነት በሽታውን ከብዙዎቹ ይልቅ እንደሚታገሥ በሙከራ ታይቷል። የጠላቱ ፊደል በእጅ ስለ ገባ፣ ታጋሹን ዓይነት ከተጠቂው ጋር አስተያይቶ የመቋቋሙን ምክንያት ከእንሰቱ ጂኖች መፈለግ ተችሏል፤ የእንሰትም የራሱ ጂኖም ረቂቅ በ2014 ታትሟል። ይሁንና ይህን ሀብት የያዘው በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ናሙና ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጎተራ ዓይነቶቹን ለይተው የሚተክሉትና የሚፍቁት እናቶች ጓሮ ነው። አንድ ጓሮ በአጠውልግ ሲጠፋ፣ ከምግቡ ጋር ገና ያልተነበበ መልስ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። አንደኛው በአገር ውስጥ ማንበብ ነው። ዛሬ ከመዳፍ የማይሰፋ የዲ.ኤን.ኤ. ማንበቢያ መሣሪያ ስላለ፣ ናሙናውን ከቦንጋ ባሕር ማሻገር የግድ አይደለም። የሚያስፈልጉት የማይቋረጥ መብራት፣ ቀዝቃዛ ማከማቻ፣ ጥገናና የሠለጠነ እጅ ናቸው፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ የመሐንዲስ ሥራ ናቸው። ሁለተኛው ቢላዋው ነው። ባክቴርያው ከታመመ ወደ ጤነኛ እንሰት ከሚሻገርባቸው ዋና መንገዶች አንዱ የመቁረጫ መሣሪያ ነው። ቢላዋን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይነካው ማጠር፣ ችግኝን ከጤነኛ ጓሮ ብቻ መውሰድ ዛሬም ዋነኞቹ መከላከያዎች ናቸው። ይህንም አንድ ሰው ብቻውን አድርጎት አይሳካም፤ ጎረቤት ሁሉ በአንድነት ሊፈጽመው ይገባል።

የ1974ቱ ማስጠንቀቂያ ከከፋ ወጥቶ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቶ በሌላ አገር እውን ሆነ። የሚቀጥለው ምልክት በዚሁ በከፋ ጓሮ ሲታይ እዚያው የሚያነብበው ባለሙያና መሣሪያ ተዘጋጅተው እንዲጠብቁት ማድረግ የማኅበሩ አባላት ሁሉ ድርሻ ነው።