ሽቦ ያሰሩ ወጣቶችና የድድ ጥበቃ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ድድ መናገሩ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁን እንጂ ጥርስ የሚያቃናው ሽቦ በአፍ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያ ደግሞ ከተከላው ይልቅ በጥገናው ይፈተናል።

እንደሚታወቀው ጥርስ ከቦታው የሚንቀሳቀሰው ቀላል ኃይል ለብዙ ወራት ሲያርፍበት ነው። በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየተሸረሸረ፣ በሌላው በኩል አዲስ አጥንት እየተተካ ይሄዳል። ሥራው ስለማይቸኩል ሽቦው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ በአፍ ውስጥ ይቆያል። በዚህም ጊዜ በየጥርሱ ላይ የተለጠፈው ማያያዣ፣ ሽቦውና የጎማው ቀለበት ምግብ የሚይዙ፣ ለጽዳት የማይመቹ ጥጋጥጎችን ይፈጥራሉ።

ድድን በአብዛኛው የሚያስቆጣው ሽቦው ራሱ ሳይሆን በእነዚህ ጥጋጥጎች የሚከማቸው የባክቴሪያ ንጣፍ ነው። የንጣፉን ጠንቅነት ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ በዴንማርክ አካሂደው በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ጤናማ ድድ የነበራቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ቢያቆሙ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ግን በአንድ ሳምንት ገደማ ዳነ።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ድዱ የደማበት ወጣት ብሩሹን ያስቀምጣል፤ ወላጅም «እስኪሽር አትንካው» ይላል። ምክሩ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ነው። መድማቱ ጽዳት የጎደለበትን ስፍራ ያመለክታል፤ በዚያ ስፍራ በእርጋታ ይበልጥ ማጽዳት ይገባል። ችላ ከተባለ ድዱ አብጦ ማያያዣውን እስከ መሸፈን ይደርሳል። ሕመሙ ወደ አጥንቱ ከዘለቀ ደግሞ የጠፋው አጥንት በጽዳት ብቻ አይመለስም። ሐኪሙም ሽቦውን ያለ ጊዜው ለማውለቅ ይገደድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የቤተሰቡ ወጪና የልጁ ትዕግሥት ከንቱ ይቀራል።

የአገራችን መፋቂያ ባለውለታችን ነው፤ ነገር ግን ከሽቦ ሥር አይገባም። ስለሆነም ለስላሳ ብሩሽ ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብሎ ከማያያዣው በላይና በታች ማጽዳት፣ ከሽቦው ሥርና በጥርሶች መካከልም ቀጭን ብሩሽ ማስገባት ያስፈልጋል። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት ይሁን። ክሎርሄክሲዲን የተባለው መጉመጥመጫ ሐኪም ሲያዝ ለአጭር ጊዜ ይረዳል፤ ሲዘወተር ጥርስን ያጠይማል፤ ብሩሽንም አይተካም።

የጉርምስና ሆርሞን ድድ ለጥቂቱ ንጣፍ እንኳ አብዝቶ እንዲቆጣ ያደርጋል። ስለዚህ ወጣቱን በስንፍና ከመውቀስ ማስተማር ይበጃል።

እኛ መሐንዲሶች የጥገና ዕቅድ የሌለውን ተከላ ተጠናቋል አንልም። እንደዚሁም ልጁ ሽቦው ከመታሰሩ አስቀድሞ ጽዳትን ይልመድ፤ ሐኪም ዘንድ በተመለሰ ቁጥርም ሽቦው ከመጥበቁ በፊት ድዱ ይታይ እላለሁ።