መንገደኛና የክፍያ ካርድ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከነቀምቴም ሆነ ከጊምቢ፤ ከደምቢ ዶሎም ሆነ ከሻምቡ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ ብርቅ አይደለም። አንዱ ለትምህርት፤ አንዱ ለስብሰባ፤ ሌላው የታመሙ ወላጁን ይዞ ለሕክምና ይጓዛል። ይህ መንገደኛ ስለ ልብሱና ስለ ስንቁ አብዝቶ ሲጨነቅ ይታያል፤ በኪሱ ስለሚይዘው ካርድ ግን «ካርድ ያው ካርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው ዛሬ በፊታችሁ የቀረብሁት።

በአባቶቻችን ዘመን ማርትሬዛ ብር በአገራችን ገበያ ሲዘዋወር፤ ነጋዴው 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን ያን ብር እንዲያው አይቀበለውም ነበር። አገላብጦ ያየዋል፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን እንቁዎች ይቈጥራል፤ ያረጀና የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል። የባኬ ጃማ ሽማግሌዎች ይህን ወግ ያውቁታል። እኛ ልጆቻቸው ግን ካርዱን ከባንክ ጸሐፊው እጅ ተቀብለን፤ ስማችን በትክክል መጻፉን እንኳ ሳናይ ወደ ኪሳችን እንከታለን።

በካርዱ ፊት «ቪዛ» ወይም «ማስተርካርድ» ወይም «አሜሪካን ኤክስፕረስ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ስም ካርዱ በየትኛው መደብር ተቀባይነት እንዳለው ያመለክታል እንጂ የምታወጡት ገንዘብ የማን እንደሆነ አይናገርም። ዋናው ጥያቄ ግን ይኸው ሁለተኛው ነው። የዱቤ ካርድ የሚባለው፤ ፈረንጆቹ ክሬዲት ካርድ የሚሉት፤ ባንኩ ከራሱ ገንዘብ የሚያበድርበት ነው። ሌላው ዓይነት ከራሳችሁ ሒሳብ ላይ ወዲያውኑ የሚቀንስ ነው። በአገራችን ባንኮች ዘንድ ለውጭ አገር መንገደኛ በብዛት የሚሰጠው ግን፤ አስቀድሞ የውጭ ምንዛሪ የሚሞላበት ካርድ ነው፤ በውስጡ ካለው አንድ ሳንቲም አያልፍም። ደመወዛችሁን ከመንገድ ዳር ማሽን የምታወጡበት ካርድ ደግሞ በብር ሒሳብ ላይ የቆመ ስለሆነ፤ የቪዛ ምልክት ቢኖርበትም እንኳ፤ ባንኩን ሳትጠይቁ በባዕድ አገር ያገለግለኛል ብላችሁ አትታመኑበት።

የዚህን ልዩነት ትርጉም እኔ የተማርሁት በችግር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ናይሮቢ ስሄድ፤ 500 ዶላር የተሞላበት አንድ ካርድ ብቻ ይዤ ነበር። የሆቴሉ ተቀባይ ካርዱን በመሣሪያው አሳልፎ በትሕትና መለሰልኝ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ያዘዙኝን የልብ መድኃኒት ልገዛ ብገባ፤ መሣሪያው እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርሁ፤ እምቢ አለ። ከበስተኋላዬ ሰልፉ ረዘመ፤ እኔም እንደ ሌባ አፈርሁ። በኋላ ስጠይቅ፤ ሆቴሉ ከአልጋው ዋጋ ሌላ ለመያዣ ብሎ 300 ዶላር አሳግዶ ኖሯል። ገንዘቡ አልተወሰደም፤ ነገር ግን ታስሯል። መድኃኒቱን በባልደረባዬ ብድር ገዛሁ፤ የታሰረው ገንዘብ የተፈታው አዲስ አበባ ከተመለስሁ ከብዙ ቀናት በኋላ ነው።

በዱቤ ካርድ ቢሆን ኖሮ የሚታገደው የባንኩ የብድር ልክ ነበር፤ በተሞላ ካርድ ግን የሚታገደው የእናንተው እንጀራ ነው። ስለዚህ የተሞላ ካርድ የያዘ ሰው አልጋ ሲይዝ «ለመያዣ ስንት ታግዳላችሁ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቢቻል መያዣውን በጥሬ ገንዘብ ያስይዝ፤ ከተቻለም ሁለተኛ ካርድ በሌላ ኪስ ይኑረው።

ሚኒያፖሊስ የሚኖር ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ደግሞ «ካርዴን ልስጥህ» ሲባል ደስ ይለዋል። ፍቅሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ካልተስማማ የሆቴሉ ጸሐፊ ላይቀበለው ይችላል። የአሜሪካን የዱቤ ካርድም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ከአገራቸው ውጭ ለሚደረግ ክፍያ እስከ 3 በመቶ ይጨምራሉ፤ አንዳንዶቹ ምንም አይጨምሩም። በዱቤ ካርድ ጥሬ ገንዘብ ከማሽን ማውጣት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ የሚቈጠርበት ነገር ነው።

አሁን ወደ ምንዛሪው እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ 20 ዶላር በከንቱ ያጠፋ ሰው 1,140 ብር ያህል አጣ፤ ዛሬ ከ2,000 ብር በላይ ያጣል። ባንኮችም ዋጋቸው የተለያየ ሆኗልና ከአንዱ ብቻ ጠይቆ መግዛት አይገባም። የዕለቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ካርዱን ለማውጣት፤ ለመሙላት፤ ከማሽን ገንዘብ ለመቀበል፤ የተረፈውንም ለማስመለስ ስንት እንደሚከፈል ጠይቁ። ከማሽን በወጣ ቍጥር 5 ዶላር የሚቈረጥ ቢሆን፤ በየቀኑ 20 ዶላር እያወጣ አምስት ቀን የሚቀመጥ ሰው 25 ዶላር ይከስራል፤ 100ውን ባንድ ጊዜ ያወጣው ግን 5 ብቻ።

ከሁሉ ይልቅ የማይታየው ወጪ በመደብሩ መሣሪያ ላይ የሚመጣው ነው። በዱባይ ዕቃ ስትገዙ መሣሪያው «በዶላር ትከፍላላችሁ ወይስ በድርሃም?» ብሎ ይጠይቃል። ዶላሩ የለመድነው ስለሆነ እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። ይህ ስሕተት ነው፤ በዶላር ያላችሁ እንደሆነ ምንዛሪውን የሚተምነው መሣሪያው ነውና ትርፉን ጨምሮ ነው። የድርሃም ዋጋ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ተወስኖ የቆየ ስለሆነ፤ ማጣራቱ ቀላል ነው። ሒሳባችሁ 367 ድርሃም ከሆነ 100 ዶላር ያህል ነው፤ መሣሪያው 105 ቢላችሁ «በድርሃም» በሉ። በናይሮቢም «በሽልንግ»፤ በዴልሂም «በሩፒ» ይባላል።

ከወለጋ ለሚነሣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፓስፖርት፤ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ይዞ በበረራው ዋዜማ ባንክ የሚገባ ሰው ካርዱ ሳይደርስለት ሊሄድ ይችላል። ቅርንጫፉ ካርዱን በዚያው ይሰጥ እንደሆነ ወይም ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ እንደሆነ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። በኢንተርኔት ስትከፍሉ የሚላከው የማረጋገጫ ቍጥርም ወደ ኢትዮጵያው ስልካችሁ የሚመጣ ከሆነ፤ ስልኩ በውጭ አገር እንዲሠራ ሳታስከፍቱ አትነሡ።

ካርዱ ቢጠፋ የሚደወልበትን የባንኩን ቍጥር ከካርዱ ጀርባ ብቻ አትተዉት፤ ካርዱ ሲጠፋ ቍጥሩም አብሮ ይጠፋል። እኔ አሁን በሁለት ቁራጭ ወረቀት ጽፌ አንዱን በሻንጣዬ ይዣለሁ፤ ሁለተኛው ነቀምቴ በአባቴ እጅ ነው፤ እርሳቸውም ከመድኃኒታቸው ማዘዣ ጋር አጣጥፈው አስቀምጠውታል።